ሰባት ወር ሙሉ ሰላም ሳንባባል

ባለፈው እትም «ሥራ ቦታ የሚያስጨንቃችሁን ጻፉልኝ» ብዬ ነበር። የመጣው ደብዳቤ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ስለ ደሞዝ ማነስ ይበዛል ብዬ ገምቼ ነበር፤ ስለ ደሞዝ የጻፉት ግን ጥቂት ናቸው። የሚበዙት የጻፉት ስለ ሰው ነው። አጠገባቸው ስለሚቀመጥ፣ አብሯቸው ምሳ ይበላ ስለነበረ፣ አሁን ግን ሲያዩት ሆዳቸው ስለሚሸበር ሰው። ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ የብዙዎቻችሁ ጉዳይ እሱ ውስጥ አለና። ስምና መለያ እንደተለመደው አውጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው አዳማ ነው። አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ነኝ፣ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ከእኔ ጋር በፈረቃ የምትሠራ ልጅ አለች። እህቴ ማለት ነበረች። እናቷ ሲሞቱ ሦስቱንም ቀን ያደርኩት እሷ ቤት ነው። መጋቢት ላይ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ 1,850 ብር ጎደለ። ጠዋት እኔ ነበርኩ፣ ከሰዓት እሷ ነበረች። ማናጀሩ ሁለታችንንም ጠርቶ «ማን ነው?» አለ። እሷ «እኔ የተረከብኩትን ነው ያስረከብኩት» አለች። ይህ እኔን ሌባ ማለት አይደል? ደነገጥኩ፣ ምንም አልመለስኩም። ለሁለት ተካፍሎ ከደሞዛችን ተቆረጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አንባባልም። ስታስረክበኝ ዓይኔን አታይም፣ እኔም አላያትም። ልጆቹ ሁለት ጊዜ አስታርቀውን ተሳስመን ነበር። በሳምንቱ 300 ብር ሲጎድል ተመልሶ ያው ሆነ። አሁን ወደ ሥራ ልወጣ ስነሳ ሆዴን ይቆርጠኛል። ጋሼ፣ ሰው እንዲህ ይለወጣል? ወይስ ድሮውንም እንዲህ ነበረች፣ እኔ ነኝ ያላየሁት? ሥራውን ልልቀቅ?

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ልቤ ለቅሶው ላይ ቀረ። ሦስት ሌሊት ከጎኗ ያደረችላትን ጓደኛ ሰው በ925 ብር አይተዋትም፣ ሌላ ነገር አለ አልኩ። ሁለተኛ ሳነበው አንድ ቃል ያዘኝ። «ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ጎደለ» ብለሻል። ማታ። ስምንት ሰዓት ላይ ፈረቃ ስትቀያየሩስ? ያኔ ተቆጥሮ ነበር ወይ?

እንዳልተቆጠረ እገምታለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ምን እንደሚመስል ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰልፍ አለ። ዘይት የተሸከመች ሴትዮ «ቶሎ በይ እንጂ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ላወጣ ነው» ትላለች። አንዱ ስልኩን ወደ ፊትሽ አስጠግቶ «ልኬያለሁ፣ ይኸው» ይላል። አንቺ ቦርሳሽን ታነሻለሽ፣ እሷ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፣ መሳቢያው እንደተከፈተ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ማን ይቆጥራል? ደግሞ ጓደኛሞች ስትሆኑ መቁጠሩ ራሱ ያሳፍራል። «አታምኚኝም ወይ?» ያሰኛል።

እስቲ አስቢው። ሁለት ሰው፣ አንድ መሳቢያ፣ በቀን አንድ ቆጠራ። ገንዘብ ሲጎድል የት ላይ እንደጎደለ የሚናገር ነገር የለም። ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ አንዷ ንጹሕ መሆኗን ለማሳየት ከተናገረች፣ ባትፈልገውም፣ ጣቷ ሌላዋ ላይ ያርፋል። «የተረከብኩትን ነው ያስረከብኩት» ያለችው አንቺን ልትከስ ላይሆን ይችላል። ፈርታ ነው። ማናጀር ፊት ቆማለች፣ «ማን ነው?» ተብላለች፣ በአፏ የመጣላት የመጀመሪያው መከላከያ እሱ ነው።

አንቺስ? ዝም አልሽ። ደንግጠሽ መሆኑን አምንሻለሁ። ግን በዚያች ደቂቃ እሷ ምን የሰማች ይመስልሻል? «ጓደኛዬ አንድ ቃል አልተነፈሰችልኝም። ‹እሷ እንዲህ አታደርግም› አላለችም።» ዝምታሽ ለእሷ ክስ ሆኖባታል። አንቺ ቃሏን ይዘሽ ሰባት ወር ከረምሽ፣ እሷ ዝምታሽን ይዛ ሰባት ወር ከረመች። ሁለታችሁም ተበድያለሁ ትላላችሁ፣ ሁለታችሁም አልዋሻችሁም።

«ድሮውንም እንዲህ ነበረች ወይ?» ያልሽው ጥያቄ የሁላችንም ነው። እኔ ስዘገይ ታክሲ ጠፍቶ ነው። እሷ ስትዘገይ ግድ ስለሌላት ነው። እኛ ስንሳሳት ምክንያት አለን፣ ሌላው ሲሳሳት ጠባይ አለው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና መምህር ሊ ሮስ በ1977 እ.ኤ.አ. ለዚህ ዝንባሌ ስም እስከማውጣት ደርሷል፤ የሌላውን ሰው ድርጊት ስንመዝን ጠባዩን አግዝፈን፣ ያለበትን ሁኔታ ግን አሳንሰን እናያለን ነው ነገሩ። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አሠራር ይስተካከላል። አንዴ «ተንኮለኛ ናት» ከተባለ ግን ምኑ ይስተካከላል? የሚቀረው መራቅ ብቻ ነው። «ልልቀቅ?» ወደሚለው የደረስሽውም በዚሁ መንገድ ነው።

አንድ የራሴን ልንገርሽ። አሥራ ሰባት ዓመት በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አስተዳደር ውስጥ ሠርቻለሁ። እዚያ በአንድ የሽመና ማሽን ላይ የሚፈራረቁ ሁለት ሠራተኞች ነበሩ፣ አንዱ የጠዋት፣ አንዱ የከሰዓት። በየአሥራ አምስት ቀኑ ይጣላሉ። አንድ ቀን እንዲያውም ተያያዙ። ሦስት ጊዜ አስታርቄያቸዋለሁ። ቢሮ አስገብቼ፣ ቡና አስመጥቼ፣ በዕድሜ የገፉ ሠራተኛ ጨምሬ፣ «ስለ ልጆቻችሁ ብላችሁ» ብለን፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳስመው ወጡ። ሦስቱንም ጊዜ «አለቀ» ብዬ ደስ እያለኝ ነው ቤቴ የገባሁት።

በአራተኛው ቢሮ አልጠራኋቸውም። ለስምንት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ማሽኑ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። ጩኸቱ ጆሮ ይነሳል፣ የጥጡ ብናኝ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። የድሩ ክር ተበጠሰ፣ ማሽኑ ቆመ። የጠዋቱ ሰውዬ ቀና ብሎ ሰዓቱን አየ። የተበጠሰውን ጫፍ ፈልጎ መቀጠል ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። እጁን በጋውኑ ጠረገ፣ ጋውኑን አወለቀ፣ ሄደ። የከሰዓቱ መጣና የቆመ ማሽን አገኘ። ጥርሱን ነክሶ ክሩን መፈለግ ጀመረ።

የጠዋቱ ሰው ሰነፍ ነበር? አልነበረም። ማበረታቻ የሚታሰብለት በፈረቃው በሠራው ሜትር ልክ ነው። በመጨረሻዋ አሥር ደቂቃ ክር ሲቀጥል ቢቆይ ለእሱ አንድ ሜትር አይጨመርለትም፣ ለሌላው ነው የሚሠራው። የከሰዓቱ ደግሞ በየቀኑ ከራሱ ሜትር እየቀነሰ የሌላ ሰው ክር ይቀጥላል። ያንን ስሌት ያወጣነው እኛ ነን፣ ቢሮ የተቀመጥነው። ሁለት ደኅና ሰዎችን በወረቀት አጣልተን፣ በቡና ልናስታርቃቸው ነበር የምንደክመው። በኋላ የሁለቱን ፈረቃ ሜትር ደምረን ለሁለቱ እኩል ማሰብ ጀመርን፤ ርክክብ ላይም አሥራ አምስት ደቂቃ አብረው እንዲቆሙ ተደረገ። ማንም አላስታረቃቸውም። ከወር በኋላ ካፌው ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሻይ ሲጠጡ አየኋቸው። ያ ቀን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም።

ሽምግልናችንን አላጣጥልም። ልብ ያበርዳል፣ ደም ያደርቃል፣ ብዙ ቤት ከመፍረስ አድኗል። ነገር ግን የበረደ ልብ ይዞ ወደዚያው መሳቢያ የተመለሰ ሰው በሳምንቱ እንደገና ይቃጠላል። ልጆቹ ካስታረቋችሁ በኋላ 300 ብር ሲጎድል የሆነው ይኸው ነው። እርቁ ውሸት ሆኖ አይደለም። መሳቢያው እንደነበረ ስለቀረ ነው።

እና ምን ታደርጊ? ከእሷ ጀምሪ፣ ከማናጀሩ አይደለም። ካሸር ላይ አይሁን፣ ሰው ባለበትም አይሁን። በቴክስትም አይሁን፤ ጽሑፍ ድምፅ የለውም፣ የተቀየመ ሰው ደግሞ የሚያነበው በቅያሜው ድምፅ ነው። አንድ ቀን ስትወጣ ጠብቂያትና «አምስት ደቂቃ ስጪኝ» በያት። ከራስሽ ጀምሪ። እንዲህ ብትይ ጥሩ ይመስለኛል፦ «ያን ቀን ዝም ያልኩት ደንግጬ ነው። አንቺ ወስደሻል ብዬ አይደለም። ‹እሷ አታደርገውም› ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። አንቺ ስትናገሪ ደግሞ እኔን ሌባ ያልሽኝ መሰለኝ፣ እስከ ዛሬ ያመኛል።» ከዚያ ዝም በይና ስሚ። ልታለቅስ ትችላለች፣ ልትቆጣም ትችላለች። ከተቆጣች አታቋርጫት፣ ሰባት ወር የተጠራቀመ ነው። «እኔ ግን» የምትለዋን ቃል ለዚያ ቀን ተያት።

ቀጥሎ ሁለታችሁም አብራችሁ ማናጀሩ ጋ ሂዱ። አብራችሁ መግባታችሁ ብቻውን ብዙ ይናገራል። የምትጠይቁት ቀላል ነው። ፈረቃ ሲቀየር ገንዘቡ ይቆጠር፣ በወረቀት ይጻፍ፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ከተቻለ ለየራሳችሁ መሳቢያ ይኑራችሁ። በሞባይል የሚከፈለው ለብቻው ይመዝገብ፣ ሰዓቱና መጠኑ ከነግብይት ቁጥሩ። ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም። ገንዘቡ አካውንት መግባቱን በዚያችው ደቂቃ የሚያረጋግጥ ስልክ ካሸሩ ጋ መኖር አለበት፤ የሐሰት ስክሪንሾት አሳይቶ ዕቃ ይዞ የሚወጣ ሰው እንዳለ ካሸር ሁሉ ያውቃል። በመጋቢት የጎደለው 1,850 ብር በዚህ መንገድ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። መልስ ስትሰጡ ተሳስቶም ሊሆን ይችላል። ዛሬ ማንም ማረጋገጥ አይችልም፣ ስለዚህ ልቀቁት።

«ጋሼ፣ እውነት ወስዳ ቢሆንስ?» ትይኝ ይሆናል። እኔ እዚያ አልነበርኩም። ግን ቆጠራው ከተጀመረ በኋላ የሚወስድ ካለ ወረቀቱ ይናገራል፣ አንቺ መጠርጠር አይጠበቅብሽም።

ስለ ደሞዙ አንድ ነገር ልጨምር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ እንዳሻው ከደሞዝ እንዲቆርጥ አይፈቅድም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛዋ በጽሑፍ የሰጠችው ስምምነት መኖር አለበት። ቢኖርም በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዝ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ስትቀጠሪ የፈረምሽውን ውል አውጪና ስለ ጉድለት የሚል ነገር ካለበት አንብቢው። ማን እንዳጎደለ ሳይታወቅ «ተካፈሉ» ማለት ለማናጀሩ ቀላል ነበር። እናንተን ግን ጓደኝነታችሁን አስከፍሏችኋል።

ሥራ መልቀቁን ለጊዜው አቆይው። ርክክብ የማይቆጠርበት ሌላ ሱፐርማርኬት ብትገቢ፣ ሌላ ጓደኛ እንዲሁ ታጫለሽ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። እኔና አንዲት ባልደረባዬ በአንድ ቀን ነው የተቀጠርነው። ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል፣ ምሳችንን አንድ ሳህን ላይ ነው የምንበላው። በመስከረም የቡድን መሪ ሆነች። እኔም ተወዳድሬ ነበር፣ ግን ቅር አላለኝም፣ ይገባታል። ባለፈው ስብሰባ አዲስ ዕቅድ ስታቀርብ እንደ ድሮው «ኧረ አንቺ ደግሞ፣ ይሄ አያስኬድም» አልኳት። ከሌላ ክፍል የመጡ ሰዎችም ነበሩ። ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያ ወዲህ ሥራ የምታዘኝ በጽሑፍ ነው፣ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጣ! ምሳም ቀረ። ሌሎቹ «እርስዎ» ይሏታል። እኔም ልበላት? ውሸት አይሆንብኝም? ሥልጣን ሰውን እንዲህ ይቀይራል ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሥልጣኑ የቀየረው እሷን ብቻ አይደለም። አንተንም ቀይሮሃል። ለአንተ አዲስ ስም ስላልወጣልህ ነው ያልታወቀህ። «ቅር አላለኝም» ያልከውን አምናለሁ፣ «ይገባታል» ማለትህም ጨዋነት ነው። ነገር ግን ሰው «ይገባታል» እያለም ያዝናል። ስድስት ዓመት ሠርተህ የተወዳደርክበት ቦታ ቀረብህ። ያ ሐዘን መውጫ ሲያጣ፣ ስብሰባ መሃል በአንዲት «ኧረ አንቺ ደግሞ» ይወጣል። በክፋት አይደለም። ይህን የምልህ ራስህ ላይ እንድትፈርድ አይደለም፤ ለራስህ ሳትነግረው እሷን ልታናግር ብትሄድ ንግግሩ መሃል ላይ ገንፍሎ እንዳይወጣብህ ነው።

አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ነገር ተናግረሃል። «ይሄ አያስኬድም» ስለ ሥራው ነው። «ኧረ አንቺ ደግሞ» ስለ እሷ ነው። አንተ የመጀመሪያውን ነው የተናገርኩት ትላለህ። እሷ ሁለተኛውን ሰማች። ከሌላ ክፍል የመጡትም የሰሙት ሁለተኛውን ነው። ካረን ጄን የተባለች ተመራማሪ በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት ስለ ሥራው የሚነሣን ክርክርና ስለ ሰውየው የሚነሣን ጠብ ለይታ አይታለች። የመጀመሪያው አንዳንዴ ሊጠቅም ይችላል፣ ሁለተኛው ግን ይጎዳል አለች። ከስምንት ዓመት በኋላ የቀደሙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው የመረመሩ ሁለት ሌሎች ደግሞ፣ ሁለቱ በተግባር ብዙ ጊዜ አብረው እንደሚገኙ፣ የሥራው ክርክር ራሱም የተባለለትን ያህል ጥቅም እንዳልታየበት አሳዩ። በእኛ ቋንቋ ደግሞ ይህ የሚብስ ይመስለኛል። አማርኛ ሐሳብን ከሰው ለይተህ እንድትነካ በቀላሉ አይፈቅድልህም፣ ግሡ ራሱ ይናገርብሃል። «ተሳስተሻል» ወይም «ተሳስተዋል»። ስለ ዕቅዱ ልትናገር አፍህን ስትከፍት የሰውየዋን ደረጃ አብረህ ወስነሃል።

ሜሪ ፓርከር ፎሌት የምትባል አሜሪካዊት በ1925 እ.ኤ.አ. ስለ ግጭት ባደረገችው ንግግር ከራሷ ሕይወት አንድ ትንሽ ነገር ትጠቅሳለች። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነች። አንድ ሰው መስኮቱ ይከፈት አለ፣ እሷ ይዘጋ አለች። ግማሽ መክፈት ሁለቱንም አያስደስትም። በመጨረሻ ማንም ያልተቀመጠበትን የቀጣዩን ክፍል መስኮት ከፈቱት። ሰውየው የፈለገው ንጹሕ አየር እንጂ ያንን መስኮት አልነበረም። እሷም የጠላችው ፊት ለፊት የሚመታትን ነፋስ እንጂ መስኮት መከፈቱን አልነበረም።

አሁን ወደ እናንተ እናምጣው። አንተ «አንቺ» ማለት የምትፈልገው ለምንድን ነው? ጓደኝነቱ እንዳይሞት። እሷስ ስብሰባ ላይ ምን ፈለገች? ገና አዲስ ናት። ሴት ናት። ትናንት እኩያዋ የነበረው ሁሉ ዛሬ «ትችል ይሆን?» እያለ ያያታል። በዚያች ሰዓት ከሁሉ አስቀድሞ ከጎኔ ይቆማል ብላ የጠበቀችው አንተን ይመስለኛል፤ ሌላ ሰው ያንኑ ቃል ቢናገር ፊቷ እንዲያ አይለዋወጥም ነበር። የእሷ ጉዳይ ሰው ፊት ነው፣ የአንተ ጉዳይ ምሳ ላይ ነው። አይጋጩም። ስብሰባ ላይና እንግዳ ፊት «እርስዎ»፣ ሳህኑ ላይ «አንቺ»። ውሸት አይሆንም። እናቶቻችን ባሎቻቸውን እንግዳ ፊት «እሳቸው» ይሉ ነበር፣ ፍቅሩ ቀንሶባቸው አልነበረም።

ግን አትገምት፣ ጠይቃት። «ሰው ፊት ምን ብዬ ብጠራሽ ይቀልሻል?» በላት። ምናልባት «አንቺ በለኝ፣ ግን ‹ደግሞ› አትበለኝ» ትልህ ይሆናል። ይቅርታህ ስለተናገርክበት መንገድ ይሁን፣ ስለ ዕቅዱ ያለህን ሐሳብ ግን አትጣለው። እውነት አያስኬድም ብለህ ካመንክ ምክንያትህን ይዘህ ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት ግባና ንገራት፤ ሰው ፊት ስትገባ ጉድለቱን አስተካክላው ትግባ። የቀድሞ ጓደኛ ለአዲስ አለቃ ከዚህ የበለጠ ውለታ አይውልም። በጽሑፍ ማዘዟንም ለጊዜው አትቆጣባት። ድምፅዋ እንዳይንቀጠቀጥባት ፈርታ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። ኃላፊዬ ማታ ማታ ይደውልልኛል፣ ስለ ሥራ አይደለም። አብረን እንድንወጣ ይጠይቀኛል። እምቢ ካልኩት ወዲህ የሠራሁትን ሁሉ ሰው ፊት ያጣጥለዋል። ለአስተዳደር ስናገር «በመካከላችሁ ግጭት አለ፣ ተቀመጡና እናስታርቃችሁ» አሉኝ። ቀን ሁሉ ቀጥረዋል። ምን ብዬ ነው የምታረቀው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ ግጭት አይደለም። ደብዳቤሽን ሦስተኛ ያደረግኩት ልዩነቱ እንዲታይ ብዬ ነው። ከላይ ባሉት ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ ሁለቱም የፈለጉት ነገር ነበር፣ ሁለቱም ተጎድተዋል። አንቺ ጋ የሚፈልገው አንድ ሰው ነው። አንቺ የምትፈልጊው ሥራሽን ሠርተሽ ቤትሽ መግባት ነው። ይህ ጾታዊ ትንኮሳ ነው የሚባለው፣ ሰው ፊት ማጣጣሉም እምቢ በማለትሽ የመጣ ቅጣት ነው። «እናስታርቃችሁ» ያሉሽ ሰዎች ክፋት ላይኖርባቸው ይችላል፣ የሚያውቁት መድኃኒት እሱ ስለሆነ ነው። ነገር ግን በዳይንና ተበዳይን እኩል አስቀምጦ «ሁለታችሁም ተዉት» ማለት በደሉን ለሁለት ማካፈል ነው፣ እንደዚያች እንደ አዳማዋ ልጅ 1,850 ብር።

ስለዚህ አትታረቂ። መዝግቢ። የደወለበትን ቀን፣ ሰዓት፣ ያለውን ቃል፣ ማን እንደነበረ፣ በዚያው ቀን ጻፊው። የጥሪውን ዝርዝር ፎቶ አንሺ፣ መልእክቶቹንም ወደምታምኚው ሰው ስልክ ላኪ። ብዙ ሴቶች ማየቱ ስለሚያስጠላቸው ያጠፉታል። እረዳቸዋለሁ፣ አንቺ ግን አታጥፊ። አንድ ጊዜ በጽሑፍ «ከሥራ ውጪ ላለ ጉዳይ እንዳይደውሉልኝ» ብለሽ ላኪለት። ሥራሽን በሰዓቱ ማስረከብሽን የሚያሳየውንም ሁሉ አስቀምጪ፣ ነገ «ሰነፍ ናት» የሚል ወረቀት ሊመጣ ይችላልና።

እስካሁን በቃል ነው የተናገርሽው። አሁን በደብዳቤ አስገቢ። «ግጭት» የሚለውን ቃል አትጠቀሚ፣ የሆነውን በቀን በቀኑ ጻፊ። ቅጂው ላይ የተቀበለሽ ሰው ይፈርም ወይም ማኅተም ይምታበት። ቅድም የጠቀስኩት አዋጅ 1156/2011 ሥራ ቦታ ላይ ጾታዊ ትንኮሳን ይከለክላል፤ አሠሪዋ ወይም የሥራ መሪ ይህን ያደረሰባት ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ ውሏን ማቋረጥ እንደምትችልም ይደነግጋል። ይህ መብት የጊዜ ገደብ ስላለው ከመወሰንሽ በፊት፣ ሳትቆዪ፣ የሕግ ባለሙያ አናግሪ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። ድርጅታችሁ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ካለም ለእነሱ ንገሪ፣ ዝም ብሎ የሚያልፈው ሰው ቁጥር በቀነሰ ቁጥር እሱም ይጠነቀቃል።

ደብዳቤውን ስታስገቢ ብቻሽን አትሂጂ፣ እህትሽንም ቢሆን ይዘሽ ሂጂ፣ በር ላይም ቢሆን ትጠብቅሽ። የቀጠሩልሽን የእርቅ ቀን «ጉዳዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ፣ መልሱን በጽሑፍ እጠብቃለሁ» ብለሽ መልሺላቸው። ሁለት ሳምንት አልፎ መልስ ካልሰጡሽ እንደገና ጻፊልኝ።